አልነሳም ያለው ሽማግሌ

በሽታ ስም እስኪወጣለት ድረስ በሽታ አይደለም፤ ጠባይ ነው። የጉልበቴና የጣቶቼ መገጣጠሚያ መታመም የጀመረ ሰሞን ባለቤቴ አስናቀች አንድም ቀን "ምን ሆንክ?" አላለችኝም። "ደግሞ ዛሬ ማን አናደደህ?" ነበር የምትለኝ። የቴርሞሱን ክዳን መክፈት አቅቶኝ ጠረጴዛው ላይ ስመልሰው ሻዩን የጠላሁት ይመስላታል። ከወንበር ለመነሳት ጊዜ ስወስድ እንግዳ ንቄ የተቀመጥኩ ይመስላታል። አይፈረድባትም፤ ሳልታመምም ሻይ እጠላለሁ፣ እንግዳም እንቃለሁ። እውነቱን ያወቀችው አንድ ማለዳ ሸሚዜን ለብሼ፣ ቁልፎቹን ሳልቆልፍ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ ስታገኘኝ ነው።

"ሰው እየጠበቅህ ነው?" አለችኝ።

"ጣቶቼን" አልኳት።

ቁልፎቹን ቆለፈችልኝና ሐኪም ቤት ወሰደችኝ።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። ጣቶቼን አንድ በአንድ እየተጫነ "እዚህ ጋ ያምዎታል?" ይለኛል። ያመኛል። "እዚህስ?" እዚያም ያመኛል። የማያመኝ ቦታ ሲያጣ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገና "ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል" አለኝ። "አንዱ የመገጣጠሚያ ብግነት ነው፤ የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነቱን መዋጋት ሲጀምር የሚመጣ። ሁለተኛው ሪህ ነው። ሦስተኛው…" አለና ፊቴን አይቶ ተወው። ሦስተኛው እርጅና መሆኑ ከትሕትናው ገባኝ።

ሰውነት ራሱን ይዋጋል መባሉ ብዙም አልገረመኝም። ዕድሜዬን ሙሉ ካገኘሁት ሰው ጋር ሁሉ ስከራከር ኖሬአለሁ፤ ተከራካሪ ሲጠፋ ነገሩ ወደ ውስጥ መዞሩ የሚጠበቅ ነው። ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ለይቶ የሚያሳውቀው ምርመራ ደብረ ማርቆስ አይሠራም ተባለና ደሜ ወደ አዲስ አበባ ተላከ። እኔ ወደ ቤቴ ተላክሁ። "ውጤቱ ሲመጣ እንደውልልዎታለን" አሉኝ።

መጠበቅን ያልጠበቀ አያውቀውም። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ልቤ ከጉልበቴ ቀድሞ ይነሳል፤ አንሥቼ ሳየው የኢንተርኔት ጥቅል ግዛ የሚል መልእክት ነው። ራሴን ለማጽናናት ወደ መጻሕፍት ሄድኩ። ስለ ሥቃይ የጻፉ ብዙ ናቸው። ሥቃይ ነፍስን ያጠራል የሚሉ አሉ፤ ሥቃይ በሐሳብ የሚፈጠር ነው የሚሉም አሉ። ሁለቱም ወገኖች ሲጽፉ ብዕር መጨበጥ እንዳላቃታቸው ከመጽሐፋቸው ውፍረት ያስታውቃል። አንዱንም ይዤ ለመቆየት ከብዶኝ ተውኩት፤ በሐሳብ አይደለም፣ በኪሎ።

አስናቀችን ለማንም እንዳትናገር አስጠነቀቅኋት። ምክንያት ነበረኝ። አብሮኝ የሚያስተምር አንድ የጂኦግራፊ መምህር ነበረ፤ አሁንም አለ፣ ግን ሰው ሁሉ "ነበረ" ስለሚለው እኔም ለመድኩት። ስኳር እንዳለበት በታወቀ ማግሥት ሰዎች ሲያናግሩት ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ ጀመሩ። ቀጥሎ ርእሰ መምህሩ "ይረፍ" ብሎ ክፍለ ጊዜዎቹን ለሌላ ሰጠና መጻሕፍት ግምጃ ቤት አስቀመጠው። ዕድሩ "አናስቸግረው" ብሎ ከዳኝነቱ አነሳው። ሠርግ ሲኖር የጥሪ ካርድ ይደርሰዋል እንጂ ሥራ አይደርሰውም። ሰውዬው ቅዳሜ ቅዳሜ ከልጆቹ ጋር ኳስ ይጫወታል፤ ግን አንዴ ይረፍ ተብሏልና ዐርፏል። እኔ ደግሞ ማረፍ አልፈልግም። ሰው መጥቶ ካላስቸገረኝ በማን ላይ አማርራለሁ? ስለዚህ የጉልበቴን ነገር እንደ ወርቅ ደበቅሁት፤ ቢያንስ ሐኪሙ ደውሎ ስሙን እስኪነግረኝ።

መደበቁ ግን ያልጠየቅሁትን ዝና አመጣብኝ። ጠመኔ መጨበጥ ሲያቅተኝ ተማሪዎቼን "ከዛሬ ጀምሮ ጥቁር ሰሌዳው የእናንተ ነው" አልኳቸውና እኔ እየተናገርኩ እነሱ በየተራ ይጽፉ ጀመር። ተቆጣጣሪ መጥቶ አየና፣ ተማሪን ማዕከል ያደረገ ትምህርት ማለት ይህ ነው ብሎ ሌሎች መምህራን ክፍሌን እንዲጎበኙ አዘዘ። በየስብሰባው ያንን ዘዴ ስሰድብ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሰላምታም አለ። የእኛ አገር ሰው ሲጨብጥ እጅህን ለመታሰቢያ የሚያስቀረው ይመስላል፤ ከዚያ ትከሻ ይከተላል። ከሱ ለማምለጥ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ እያልኩ እጅ መንሳት ጀመርኩ። ብዙም ሳይቆይ ሰፈሩ "ሰውዬው ልቡ ተመለሰ፤ ትሑት ሆነ" አለ። በትሕትና ስጠረጠር የመጀመሪያዬ ነው።

እንዲህ ሳይገባኝ ተከብሬ ስልኬን ስጠባበቅ ታላቅ እህቴ እቴነሽ መጣች። እቴነሽ ስትመጣ "እንደምን አደራችሁ" እና ትእዛዙ አንድ ላይ ነው የሚደርሱት።

"ወንድምዓለም፣ ለአንሙት ሽማግሌ ሆነህ ትሄድልኛለህ።"

አንሙት ልጇ ነው፤ የግብርና ባለሙያ። ከቁይ ከተማ ወጣ ብለው የሚኖሩ አያ ባያብል የሚባሉ ገበሬ ልጅ፣ ማስተዋል፣ እዚሁ ማርቆስ ነርስነት ትማራለች፤ የመጨረሻ ዓመቷ ነው። ሁለቱ ልጆች ተዋደዋል። ልጅቷ "ልመረቅና" ትላለች፤ አንሙት ደግሞ ዘንድሮ ጥር ካልሆነ ብሏል። የተመረቀች ነርስ በምን ዓይን እንደምታየው አልተማመነም መሰለኝ። ሽማግሌዎች አንዴ ሄደው አባትየው "ትምህርቷን ትጨርስ፤ ለከርሞ ጥር ተመለሱ" ብለው ሸኝተዋቸዋል።

"እና ሰውዬው ልክ ናቸው" አልኳት።

"ልክ መሆናቸውንማ እናውቃለን። ልክ ባይሆኑ ሽማግሌ ምን ያደርግልናል?"

"ለምን እኔ?"

"ትምህርት ትምህርት ካሉ፣ ትምህርት ላይ ያረጀ ሰው ይሂድባቸው ተባለ።"

አስናቀች ጣልቃ ገባች። "እትዬ፣ እሱ እንኳ ጉልበቱን…"

ሳልኩ። ጠንከር አድርጌ ነው የሳልኩት።

"ጉልበቱን ምን ሆነ?" አለች እቴነሽ።

"ለመልካም ነገር ላውለው እያልኩ ነበር" አልኳትና ጉዳዩ በዚያው ተቆረጠ። አስናቀች የዚያን ዕለት ያየችኝን አስተያየት ለመግለጽ ሌላ ወግ ያስፈልጋል።

ማለዳ ሦስት ሆነን በሚኒባስ ተነሣን። መሪያችን መሪጌታ ይትባረክ ናቸው፤ ደብረ ወርቅ የተማሩ፣ አንደበታቸው የተፈታ፣ አንዴ መናገር ከጀመሩ ለምሳ እንኳ የማያቋርጡ። ሦስተኛው አያ እንየው የእህቴ ጎረቤት ናቸው፤ ንግግራቸው "ይሁና" ብቻ ነው። ጉልበቴ የፊተኛውን ወንበር እየወጋ ቁይ ደረስን። ከዚያ በእግር ነው።

ሁለቱም ዱላ ይዘዋል። እኔ ዱላ ሆን ብዬ ቤቴ ጥዬ ነው የመጣሁት፤ ከያዝኩ ይነቁብኛል ብዬ። በዚያ አገር ዱላ የማይዝ ወንድ እንደሌለ ትዝ ያለኝ መንገድ ላይ ያገኘነው ሰው ሁሉ ባዶ እጄን እያየ ሲያልፍ ነው። ብይዘው ኖሮ ማንም ዞር ብሎ አያየኝም ነበር። በሽታዬን ስደብቅ የተጠቀምኩበት ብልሃት ሁሉ እንዲህ ዓይነት ነው።

አያ ባያብል መደባቸው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ጠበቁን፤ ማስተዋልም ለቅዳሜና እሑድ ከማርቆስ መጥታ ከእናቷ ጋር ጓዳ ናት። ተነሥተው ተቀበሉንና "ግቡ፤ ተቀመጡ እንጂ" አሉ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚበላሸው። መቼም ታውቁታላችሁ፤ ልጅ ለመለመን የሄደ ሽማግሌ ልመናው እሺ ሳይባል አይቀመጥም። ቆሞ ነው የሚለምነው። አባትየውን የሚያስጨንቀው የሽማግሌው ቃል አይደለም፤ እንግዳ ቤቱ ገብቶ መቆሙ ነው። ማን እንደፈለሰፈው አላውቅም፤ ጉልበቱ ጤነኛ እንደነበር ግን እርግጠኛ ነኝ።

"አንቀመጥም" አሉ መሪጌታ። "መቀመጫ ፍለጋ አይደለም ከቤታችን የወጣነው።"

"የመጣችሁበትንማ ዐውቀዋለሁ። መልሴም ያው ነው፤ ትምህርቷን ትጨርስ" አሉ አያ ባያብል፣ ተመልሰው እየተቀመጡ። ሲቀመጡ ቀናሁ።

"እንግዲያው ይስሙን" ብለው መሪጌታ ጀመሩ። የጀመሩትም ከዓለም መፈጠር ነው።

ብርሃንና ጨለማ ሲለዩ ደኅና ነበርኩ። ባሕርና የብስ ሲለዩ ቀኝ ጉልበቴ ውስጥ አንድ ሰው ምስማር ማሽከርከር ጀመረ። ዕፅዋት ሲበቅሉ ላብ አሰመጠኝ። ፀሐይና ጨረቃ ቦታ ቦታቸውን ሲይዙ አያ ባያብል "መሪጌታ፣ ወደ ልጆቹ ቢመጡ?" አሉ። መሪጌታ "እደርሳለሁ" ብለው ወደ ዓሦች አለፉ። ዓሦቹ ብዙ ናቸው። ክብደቴን ከቀኝ ወደ ግራ ጉልበቴ ላዛውር ወሰንኩ፤ ግራው ግን አልተነገረውም ነበር። ሰው ገና ሳይፈጠር ወደቅሁ።

ስወድቅ ቀጥ ብዬ፣ በሁለት ጉልበቴ፣ አያ ባያብል እግር ሥር ነው። እጄ የሚይዘው ሲፈልግ ያገኘው የጋቢያቸውን ጫፍ ነበር፤ ጨብጬ ያዝኩት። እስቲ አስቡት፤ ፀጉሩ የሸበተ መምህር፣ በሰው ቤት ተንበርክኮ፣ የአባወራውን ጋቢ ጫፍ ይዞ፣ በሥቃይ ዓይኑን ጨፍኖ። ከዚህ በላይ ልመና በአገራችን የለም።

ከኋላዬ የመሪጌታ ሹክሹክታ ተሰማኝ። "እሰይ! ይኼ ነው ሽምግልና!" ቀጥሎ ደፍ፣ ደፍ የሚል ድምፅ፤ እሳቸውም አያ እንየውም ተንበረከኩ።

"ምን ጉድ ነው ይኼ!" አያ ባያብል ጋቢያቸውን ለማስለቀቅ ይጎትታሉ። "ተነሡ! ኧረ ተነሡ! የተማረ ሰው እግሬ ሥር? ልጄን እርግማን ልታሸክሟት ነው?"

"እሺ ካላሉን አንነሳም!" አሉ መሪጌታ።

"እሺ! እሺ ሰጥቻለሁ። ከተመረቀች በኋላ ሌላ ጥር አልጠብቅም፤ ወዲያው ይሁን። በቃ ተነሡልኝ!"

መሪጌታና አያ እንየው እያመሰገኑ ተነሡ። እኔ አልተነሣሁም። ትንሽ ብታገሥ ጉልበቴ ይመለስልኛል፣ ማንም ሳያውቅ እነሳለሁ ብዬ ነው። ጋቢውንም አልለቀቅሁም፤ ብለቀው በግንባሬ ነው የምሄደው።

አያ ባያብል ቁልቁል አዩኝ። "መምህር፣ ሰጠሁ እኮ። ምን ቀረዎ?"

ጥርሴን ነክሼ ራሴን ነቀነቅሁ። ምንም አልቀረኝም ለማለት ነበር። እሳቸው እምቢታ አደረጉት።

መሪጌታ ዕድል ሲያዩ አይስቱም። "ዳግማይ ትንሣኤ ለሠርግ የተመቸ ነው" አሉ ወደ ጣራው እያዩ።

"እሺ፣ ዳግማይ ትንሣኤ ይሁን! መምህር፣ ይነሡ በሞቴ!"

አልተነሣሁም። ቀኝ እግሬን ልሞክረው ስል ያመለጠኝን ማቃሰት መሪጌታ "ልቡ አልረካም" ብለው ተረጎሙት።

"እንግዲህ ለዘንድሮ ጥር ነው የምትሉኝ?" የአያ ባያብል ድምፅ ተለወጠ። አሁን ያለቀሱ መሰለኝ። "ፈተናዋስ? ሆስፒታል የምትወጣበት ልምምዷስ? እሺ። እሺ ይቅር። ትምህርቱ ይቅር! ካገባች በኋላ ባሏ ከፈቀደ ትቀጥላለች። ሰው ቤቴ እንዲህ ሆኖ ከሚውል ይቅር!"

ከጓዳው መጋረጃ በስተጀርባ ትሪ ወደቀ። ብርጭቆዎቹ አንድ ባንድ ሲሰበሩ እንሰማለን። የጣለችው ማን እንደሆነች ማንም አልጠየቀም።

እንግዲህ አማራጬ ይህ ነበር። ዝም ካልኩ ጥሩ ሽማግሌ ነኝ፤ እህቴ ትመርቀኛለች፣ አንሙት ለጥር ያገባል፣ ጉልበቴም ምስጢር ሆኖ ይቆያል። መጋረጃው ጀርባ ያለችው ልጅ ግን የመጨረሻ ዓመቷን ለእኔ መገጣጠሚያ ስትል ልታጣ ነው። ከተናገርኩ፣ ከቁይ እስከ ማርቆስ "ይረፍ" የሚለው ቃል ከእኔ ቀድሞ ይገባል። ጀግና ነኝ አልልም። የትሪው ድምፅ ባይኖር ምን እንደማደርግ ራሴም አላውቅም።

"አያ ባያብል፣ ቃልዎን ይመልሱ" አልኩ።

"ምን?"

"መነሣት አቅቶኝ ነው። አሞኛል። ጉልበቴም ጣቴም። ሐኪም ቤት እየተመላለስኩ ነው፤ ምን እንደሆነ ገና አልታወቀም።"

መሪጌታ ከኋላ ወደ ፊቴ ዞረው መጡ። "ታዲያ ቅድም ተንበርክከህ የለመንከው?"

"ወድቄ ነው፣ የኔታ።"

"የጋቢውን ጫፍ የያዝከውስ?"

"ሌላ የሚያዝ አልነበረም።"

"ራስህን የነቀነቅኸውስ? ያቃሰትከውስ?"

"ያማል ብያለሁ እኮ።"

አያ እንየው ለመጀመሪያ ጊዜ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ። "እና እኔ በነጭ ሱሪዬ የተንበረከክሁት አንተ ስለወደቅህ ነው?"

አያ ባያብል የሚቆጡም የሚስቁም አልመስል አሉ። "እና እኔ ልጄን ከትምህርቷ ያስቀረሁት ለጉልበት በሽታ ነው?"

"ገና አላስቀሯትም። ልጅቷ ትጨርስ። ቤቴም ሆኜ ያልኩት ይህንኑ ነው።"

"የማን ሽማግሌ ነህ አንተ?" ብለው መሪጌታ ጮኹ።

"ለጊዜው የመሬቱ" አልኩ። ጋቢውን እንደያዝኩ ነኝ።

ይኼን ጊዜ መጋረጃው ተገለጠ። የምትለመን ልጅ ሽማግሌ ፊት መውጣት ነውር መሆኑን እናቷ ከጓዳ በሹክሹክታ እየነገረቻት ነው፤ ማስተዋል አልሰማችም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ መጣችና አጠገቤ ቁጢጥ አለች። ሰላም እንኳ አላለችኝም። ጉልበቴን በሁለት እጇ ያዘችው።

"መቼ ነው የጀመረዎት ጋሼ?"

"ክረምቱ ሲወጣ።"

"ጠዋት ጠዋት ይብሳል?"

"ጠዋት በሰው እጅ ነው የምቆለፈው።"

"ሁለቱም እጅ ነው? ያብጣል? ትኩሳትስ?"

እየመለስኩ ነበር። ጥያቄዎቿ ልክ የሐኪሙን ይመስላሉ። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ፤ መሪጌታ ሳይቀሩ ቁጣቸውን ትተው ጠጋ አሉ። እውነቱን ልናገር፤ እዚያች ደቂቃ ሠርጉንም ውርደቱንም ረሳሁት። ስንት ጊዜ ስልክ ሳይ የከረምኩለት ስም ከዚህች ልጅ አፍ ሊወጣ ነው አልኩ። ስም ብቻ ነው የፈለግሁት። መጥፎም ቢሆን ስም።

"ምንድን ነው ታዲያ?" አልኳት።

ጉልበቴን ለቀቀችው። "እኔ እንጃ ጋሼ። የመገጣጠሚያ በሽታ የሚሰጠን በሚቀጥለው ሴሚስተር ነው።"

አያ ባያብል ቀስ ብለው ፊታቸውን ወደ መሪጌታ መለሱ። መሪጌታ አንደበታቸው የተፈታ ሰው ናቸው፤ አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ልጅቷን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡ።

"ይሁና" ብለው አያ እንየው ተከተሏቸው።

እኔን አባትና ልጅ ግራና ቀኝ ብብቴን ይዘው አነሡኝና መደቡ ላይ አስቀመጡኝ። ሠርጉ ለከርሞ ጥር ተቆረጠ፤ መጀመሪያ አያ ባያብል ባሉት ቀን ማለት ነው።

ስንመለስ መሪጌታ ቁይ እስክንደርስ አላናገሩኝም። ሚኒባሱ ጋ ስንደርስ ግን ረዳቱን "ከፊት አስቀምጠው፤ ሕመምተኛ ነው" አሉት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። የፈራሁት እዚያው ጀመረ።

ማርቆስ ስገባ ወሬው ቀድሞኛል። እህቴ ልጇን ከጥር ስላስቀረሁባት ልትጮህብኝ መጥታ፣ "አሞታል" ሲሏት አልቅሳ ሄደች፤ ጩኸቷን እመርጥ ነበር። ጎረቤት በየተራ መጣ። አንዱ ማር በነጭ ሽንኩርት፣ አንዱ ጠበል፣ አንዱ የማላውቀውን ሥር በብልቃጥ። አንዲት ሴትዮ አጎቷ በዚሁ በሽታ እንዴት እንደሞተ ከአልጋው እስከ ተዝካሩ ነገረችኝና "አንተን ግን እግዜር ይምርሃል" ብላ ተነሣች። "ይኼው" የተባለው በሽታ የትኛው እንደሆነ እኔ ራሴ አላውቅም። ርእሰ መምህሩ አስጠርቶ "መጻሕፍት ግምጃ ቤት ጸጥ ያለ ነው" አለኝ። ጸጥታ እንደማልወድ ለማስረዳት ጮክ ብዬ መናገር ነበረብኝ። የጂኦግራፊው መምህር ብቻ በመስኮት እጁን አውለበለበልኝ፤ ወንበር የያዘልኝ መሰለኝ።

ከሐኪም ቤትም ደወሉ። ናሙናው በቂ ስላልነበረ እንደገና ደም መስጠት አለብዎት አሉኝ። ደሜም እንደ ባለቤቱ ቁርጥ ያለ መልስ መስጠት አይወድም ማለት ነው። ሰጠሁ። ሄደ። እጠብቃለሁ።

ባለፈው እሑድ ረፋድ ላይ በራችን ተንኳኳ። አስናቀች ከፈተች። ከዲማ በኩል የመጡ አንድ ጎልማሳ ናቸው፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል።

"በአያ ባያብል ቤት የተንበረከኩት መምህር ቤት ይኼ ነው?"

"ነው" አለች አስናቀች፣ "ግን አሞታል፤ እያረፈ ነው።"

"መታመማቸውንማ ሰምተናል። ለሱ ነው የመጣሁት።" ወደ እኔ አንገታቸውን ዘለቅ አደረጉ። "ለወንድሜ ሚስት ልንለምን ነው። አባትየው ልባቸው ድንጋይ ነው፤ ሁለት ጊዜ መልሰውናል። ቆሞ የሚለምን ሽማግሌ አላጣንም፤ ሞልቷል። እርስዎ ግን ተንበርክከው አልነሳም ሲሉ ባያብል ሦስት ጊዜ ቀን ቀይረዋል አሉ።"

"ወዳጄ፣ ወድቄ እኮ ነው።"

"ይውደቁልን! መውሰዱም ማንሣቱም የእኛ ነው።"

አስናቀች ዞራ አየችኝ። እምቢ እስክል እየጠበቀች ነው። እኔም እምቢ ልል ነበር፤ ሰው "ና" ሲለኝ እምቢ ማለት የቆየ ሙያዬ ነው። ግን ከሄድንበት ቀን ጀምሮ ማንም ምንም አላዘዘኝም ነበር።

"ልጅቷ ትምህርቷን ጨርሳለች?" አልኳቸው።

"ተመርቃ ሥራ ይዛለች።"

"ራሷስ ትፈልገዋለች?"

"ከሱ ይልቅ የቸኮለችው እሷ ናት።"

የወንበሩን እጀታ ይዤ ጊዜ ወስጄ ተነሣሁ።

"የአባትየው ቤት ወለሉ ሲሚንቶ ነው ወይስ አፈር?"